የሞተር ብስክሌት ጎማን በአጥቢያ ግቢ መለወጥ

በገጠር አጥቢያዎች በሚካሄደው የልማት ሥራ ውስጥ የሞተር ብስክሌት ድርሻ ቀላል አይደለም። የውኃ ተቋምን ለመጎብኘት፣ የችግኝ ጣቢያን ለመከታተል፣ መለዋወጫ ዕቃን ከወረዳ ከተማ ለማምጣት የሚያገለግለው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ አንዲት የግራር እሾህ ካላማዳሪያውን ከበሳች ሥራው ይቆማል። በአቅራቢያ ጎሚስታ በሌለበት ስፍራ ሞተሩ በመኪና ተጭኖ ከተማ ደርሶ እስኪመለስ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በዚህ መካከል የተበላሸው የውኃ ፓምፕ ጠጋኙን ይጠብቃል፣ እናቶችም ወደ ሩቁ ምንጭ ይወርዳሉ። በሌላ በኩል ያለ ዕውቀት የተለወጠ ጎማ አሽከርካሪውን በመንገድ ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዓላማ ሥራው በግቢ ውስጥ በደኅና የሚፈጸምበትን ሥርዓትና መታለፍ የሌለበትን ወሰን ማሳየት ነው።

ጎማ ከቸርኬ ጋር የሚያያዘው እንዴት ነው?

ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ ሳለ በ1888 እ.ኤ.አ. በአየር ለሚሞላ ጎማ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ያ ጎማ ግን በቸርኬው ላይ ተጣብቆ የሚቀር ስለ ነበር፣ ሲበሳ አውጥቶ መጠገን አድካሚ ነበር። በ1890 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች መፍትሔ አቀረበ፤ በጎማው ጠርዝ ውስጥ የማይለጠጥ ሽቦ አኖረ፣ የቸርኬውንም መካከል ጎድጓዳ አደረገ። ዛሬ የምንጠቀምበት የሞተር ብስክሌት ጎማ የሚሠራው በዚሁ መሠረት ነው።

የሥራው ቁልፍ ነገር ከዚህ ይገኛል። በጠርዙ ውስጥ ያለው ሽቦ አይለጠጥምና ጠርዙን በጉልበት ብቻ ከቸርኬው አፍ ማሳለፍ አይቻልም። ነገር ግን የጠርዙ አንዱ ወገን ወደ መካከለኛው ጎድጓዳ ሲገባ በተቃራኒው ወገን ክፍተት ይገኛል፤ ጠርዙ የሚወጣውም ሆነ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። እንግዲህ የመፈልቀቂያው ብረት እንቢ ሲል ጉልበት ከመጨመር በፊት ተቃራኒው ወገን ከጎድጓዳው ወጥቶ እንደ ሆነ መመልከት ይገባል። በብዙ ስፍራ ካላማዳሪያ የሚቀደደው፣ ቸርኬም የሚጣመመው ይህ ባለመታወቁ ነው።

ከሥራው በፊት

አዲስ ጎማ ሲገዛ በጎኑ ላይ የተጻፈው ልክ ከቀድሞው ጋር መመሳሰል አለበት። ለምሳሌ 2.75-21 የሚል ጽሑፍ ቢገኝ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬውን ስፋት ከዳር እስከ ዳር በኢንች ያመለክታል። እንዲሁም በጎኑ ላይ ያሉት አራት ተከታታይ አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በመጋዘን ለብዙ ዓመታት የቆየ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ደርቆ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ገዢው ይህን ሳያይ ገንዘብ አይክፈል።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ጫፋቸው የተድበለበለ ሁለት ወይም ሦስት የጎማ መፈልቀቂያ ብረቶች፣ የዳዶ ቁልፎች፣ የአየር መለኪያ ያለው ፖምፓ፣ የሳሙና ውኃ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ። የሞተር ዘይትና ግራሶ የጎማውን ላስቲክ ስለሚጎዱ በሳሙና ውኃ ፈንታ አይቀቡ።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ሞተሩ በደልዳላ ስፍራ ይቁም፣ ከሥሩም ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለት። ከሞቀ ሞተርና ጭስ ማውጫ ጋር ላለመነካካት እስኪበርድ ይጠበቅ። ከዚያ የፔርኖው ዳዶ ተፈትቶ እግሩ ይውጣ። ኋላ እግር ከሆነ የካቴናው ማስተካከያ በሁለቱም ወገን የነበረበት ምልክት አስቀድሞ ይጻፍ።

2. የቫልቩ ውስጠኛ መዝጊያ ተፈትቶ አየሩ ፈጽሞ ይውጣ። አየር ባለበት ጎማ ላይ ብረት ማስገባት የተከለከለ ነው።

3. ጎማው መሬት ላይ ተኝቶ በሁለቱም ወገን በተረከዝ እየተረገጠ ጠርዙ ከቸርኬው ይላቀቅ፤ ጠርዙም በሳሙና ውኃ ይቀባ።

4. ከቫልቩ ተቃራኒ ያለው ወገን በጉልበት ተጭኖ ወደ ጎድጓዳው ይግባ፤ ብረቱም በቫልቩ አጠገብ ተጀምሮ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ጠርዙን ያውጣ። አንዱ ወገን ከወጣ በኋላ ካላማዳሪያው ይሳብ።

5. የጎማው ውስጥ በጨርቅ በጥንቃቄ ይዳሰስ። ጨርቁ የተያዘበት ስፍራ የእሾሁ ጫፍ ያለበት ነው። እሾሁ ሳይነቀል አዲስ ካላማዳሪያ ቢገባ በዚያው ስፍራ ዳግመኛ ይበሳል። የሽቦዎቹን ጫፎች የሚሸፍነው የቸርኬ ላስቲክም በቦታው መኖሩ ይረጋገጥ።

6. ካላማዳሪያው የሚጠገን ከሆነ የተበሳው ስፍራ በሸካራ ነገር ይፋቅ፣ ይጽዳ፣ ማስቲሽም ተቀብቶ ሲነካ በእጅ የማይያዝ እስኪሆን ይጠበቅ፤ ከዚያ መለጠፊያው በኃይል ይጫን። ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ መለጠፊያ ቶሎ ይነሣል። ቀዳዳው በቫልቩ ሥር ከሆነ ካላማዳሪያው ይለወጥ።

7. ሲመለስ በጎማው ጎን ያለው ቀስት ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ መሆኑ ይታይ። ካላማዳሪያው ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ጥቂት አየር ይሞላ፣ ቫልቩም በቀዳዳው ይለፍ። የጠርዙ አገባብ ከቫልቩ ተቃራኒ ተጀምሮ በቫልቩ ዘንድ ይፈጸም። ብረቱ ካላማዳሪያውን እንዳይቆነጥጠው ቫልቩ አስቀድሞ ወደ ውስጥ ይገፋ።

8. መዝጊያው ተመልሶ አየሩ ቀስ በቀስ ይሞላ። በጎማው ጎን ከጠርዙ በላይ ያለው ቀጭን መስመር ከቸርኬው እኩል ርቀት ላይ ዙሪያውን ከታየ ጠርዙ ተቀምጧል። ካልተቀመጠ አየሩ ይውጣና ሳሙናው ይደገም። ጠርዙን ለማስቀመጥ ሲባል ከ40 ፒ.ኤስ.አይ. (2.8 ባር ያህል) ማለፍ አደገኛ ነው፤ በሚሞላበትም ጊዜ ማንም በጎማው ላይ አያጎንብስ፣ ጣትም በጠርዙ መካከል አይግባ። በመጨረሻ አየሩ የሞተሩ መመሪያ በሚያዝዘው መጠን ይስተካከል። በጎማው ጎን የተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን ለመንዳት የታዘዘ መጠን አይደለም።

9. እግሩ ሲታሰር ኮፒሊያው በአዲስ ይተካ፣ ካቴናው በተጻፈው ምልክት ይስተካከል፣ እግሩም ያለ ችግር መዞሩ ይታይ። ከመንዳት በፊት ፍሬኑ ደጋግሞ ተጭኖ መያዙ ይረጋገጥ። ከአጭር ጉዞ በኋላ ዳዶውና አየሩ እንደገና ይፈተሹ። የአዲስ ጎማ ገጽ የሚያዳልጥ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ይነዳ።

በግቢ የማይሠሩ

ቸርኬው የተጣመመ፣ ሽቦው የተሰበረ፣ ወይም ጎማው በጎኑ የተቀደደ ከሆነ ወደ ባለሙያ ይላክ። የተቀደደ ጎንን በመለጠፊያ ማዳን አይቻልም። የቀለበት መዝጊያ ያለው የጭነት መኪና ቸርኬ ከሁሉ የከፋ አደጋ አለው፤ አየር ሲሞላ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ስለሚችል የመከላከያ ፍርግርግ ባለው ጎሚስታ ዘንድ ብቻ ይሠራ። እንደዚሁም በስኩተርና በአንዳንድ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገኘው፣ ሁለት ገጽ ተገጣጥሞ በብሎን የሚታሰር ቸርኬ አየሩ ፈጽሞ ሳይወጣ ብሎኑ አይፈታ።

የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ዕቃ መግዛት ብቻ አይበቃም። ጉባኤው ሁለት ሰዎችን መርጦ ለባለሙያ ያስተምር፤ አንዱ በሌለ ጊዜ ሁለተኛው እንዲገኝ ነው። ዕቃዎቹ በአንድ ሣጥን በስም ተመዝግበው ይቀመጡ። ጎማው የተለወጠበት ቀን፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትርና የመበሳቱ ምክንያት በመዝገብ ይጻፍ። ይህ መዝገብ ከተጠበቀ ኮሚቴው የመለዋወጫ በጀቱን በግምት ሳይሆን በማስረጃ ያቀርባል። ጎማው አርጅቷል የሚል አሽከርካሪም ያለ ክርክር ይሰማል፤ የሰው ሕይወት ከጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርምና።

ለውይይት

አንደኛ፣ በአጥቢያችን ያለው ሞተር ጎማ የተሠራው መቼ ነው? ዛሬ ማን ሊያነብበው ይችላል?

ሁለተኛ፣ ሞተሩ በሩቅ መንደር ቢቆም አሽከርካሪው በእጁ የያዘው ዕቃ የትኛው ነው? የጎደለውስ?

ሦስተኛ፣ ጎማው ለጉዞ አይበቃም ብሎ ጉዞን ለማስቆም ሥልጣን የተሰጠው ማን ነው?