ለመጋዘን መብራት የሚሆን የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ አሠራር

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የማኅበሩን መጋዘን በፀሐይ ሰሌዳ ማብራት ይቻላል። አንድ ሴል የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ያህል ስለሆነ፣ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት 36 ሴሎችን በተከታታይ በእርሳስ እንበይዳለን። ድምሩ 18 ቮልት ገደማ ነው፤ ሙቀት ቮልቱን ስለሚቀንስ ትርፉ ያስፈልጋል።

ሴሎቹ ተከታታይ በመሆናቸው አንዱ ቢሰነጠቅ ወይም ጥላ ቢያርፍበት የሁሉም ኃይል ይወርዳል። ስለዚህ ሰሌዳውን ከዛፍ አርቀን፣ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል አዘንብለን እንተክላለን። እርጥበት ብየዳውን እንዳያበላሽ የመስተዋቱን ጠርዝ በሲሊኮን እንደፍናለን። በሰሌዳውና በባትሪው መካከል የቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ ከባትሪው አጠገብ ደግሞ ፊውዝ እናስገባለን።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አንድ ነገር ለማኅበሩ አስቀድመው ሊያስረዱ ይገባል። በእጅ የተሠራ ሰሌዳ ለመብራት ይበቃል፤ የእንስሳት ክትባት ማቀዝቀዣ ግን በእርሱ ላይ አይጣል። አንድ ብየዳ ሲላቀቅ ክትባቱ ይበላሻል፤ መንጋውም ያለ መከላከያ ይቀራል።