በሒሳብ መዝገብ የማይታይ ኪሣራ

በነጋዴው መዝገብ ላይ የደመወዝ ወጪ ጐልቶ ሲታይ፥ ሠራተኛ ተማሮ በመልቀቁ የሚደርሰው ኪሣራ ግን የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።

በአሜሪካ በዲትሮይት አጠገብ የነበረው የፎርድ አውቶሞቢል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. 14 ሺህ ያህል ሠራተኞችን በሥራ ላይ ለማቆየት በዓመቱ ውስጥ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን መቅጠር ግድ ሆኖበት ነበር። ሥራው እጅግ አሰልቺ በመሆኑ አንዱ እጁን ሳያፍታታ ይለቃል፤ ተተኪው እስኪለምድ ድረስ ደግሞ ሥራ ይጓተታል፥ ዕቃም ይበላሻል። በ1914 መጀመሪያ ላይ ፋብሪካው የቀኑን ሥራ ከ9 ሰዓት ወደ 8 ቀንሶ፥ የቀን ገቢውን ከ2 ዶላር ከ34 ሣንቲም ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረገ። የሚለቁትና ከሥራ የሚቀሩት ቁጥር ወዲያው ወረደ፤ ትርፉም በተከታዮቹ ዓመታት ጨመረ። እርግጥ ነው፥ ጭማሪውን ለማግኘት የሠራተኛው የቤት ኑሮ ሳይቀር በተቆጣጣሪዎች ይመረመር ስለነበር፥ ይህኛው ክፍል ሊቀዳ የሚገባው አይደለም።

ለሱቅና ለአስመጪ ድርጅትም ነገሩ ያው ነው። የደንበኛውን ጠባይ፥ የመጋዘኑን አቀማመጥና የጉምሩክን ሥነ ሥርዓት የለመደ ሠራተኛ ሲሄድ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ ሠራተኛውን ያስከፋ ነጋዴ፥ ገበያው ሲያገግም አዲስ ሰው በማለማመድ ወራት ያጠፋል። ስለዚህ በዓመቱ መዝጊያ ስንት ሰው እንደለቀቀና እያንዳንዱ ተተኪ ሥራውን ለመልመድ ስንት ሳምንት እንደፈጀበት ከሌላው ወጪ ጋር አብሮ ቢመዘገብ ይበጃል።