የበሽተኛ ሐቅና የሐኪም አማና

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ጉዳይ ነው። የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአላህ ነግሬ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን በመስጊድም በሰፈርም ካወጋኋቸው እህቶች ተመሳሳይ ታሪክ ስለሰማሁ፣ ትምህርት ይሆን ዘንድ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ነገሩ የጀመረው በረመዳን ነው። ተራዊሕ ቆሜ ሳለሁ ልቤ በድንገት ሥርዓት አጥቶ ይመታ ጀመር። ከሱጁድ ስነሣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ዒድ ካለፈ በኋላም አልተወኝም። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ለመድረስ ደረጃው መሐል ቆሜ ማረፍ ግድ ሆነብኝ። ሌሊት ጋደም ስል ስለሚያፍነኝ ትራስ ደራርቤ መተኛት ለመድኩ። ዕድሜዬ ያኔ 29 ነበር።

ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ካርዴን እያየ ምን እንደሚያመኝ ጠየቀኝ። «ልቤ…» ብዬ ስጀምር፣ «ሥራ ይበዛብሻል? የሚያሳስብሽ ነገር አለ?» አለኝ። ዛሬ የሚያሳስበው ነገር የሌለው ማን አለ? «አዎ» አልኩ። «በቃ ጭንቀት ነው፤ ጨጓራም ሳይኖርብሽ አይቀርም። በዚህ ዕድሜ ልብ አይታመምም» ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ጻፈልኝ። የልብ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ደረቴ ላይ ሳያርፍ ወጣሁ። ያልታመመች አስመሳይ የሆንኩ ያህል አፈርኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ፣ «አልሐምዱሊላህ በይ ልጄ፤ ሐኪም ምንም የለብሽም ካለ የለብሽም፤ ሰብር አድርጊ» አለችኝ። ጎረቤት ደግሞ «ዓይን ነው» አለች። እኔም ሰብር ያደረግኩ መስሎኝ አራት ወር ዝም አልኩ።

ዝምታዬን የሰበረው በሴቶች ደርስ ላይ የሰማሁት የሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ሰዕድ በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሊጠይቋቸው መጡ። እጃቸውንም ደረታቸው ላይ አኖሩ፤ ሰዕድ የእጃቸው ቅዝቃዜ ልባቸው ድረስ ተሰማቸው። ከዚያም ሕመሙ የልብ መሆኑን ነግረው፣ ሕክምና ወደሚያውቀው የሰቂፍ ሰው ወደ አል-ሓሪስ ኢብን ከለዳ እንዲሄዱ አዘዟቸው። የሐዲስ ሊቃውንት በዚህ ዘገባ ሰነድ ላይ ተነጋግረዋል፤ መታከም የታዘዘ መሆኑ ግን በሌሎች ሶሒሕ ሐዲሶች የጸና ነው። ከዚህ ታሪክ እኔ ሦስት ትምህርት ወስጃለሁ።

አንደኛ፣ ከፍርድ በፊት እጅ ደረት ላይ አረፈ። ሕመምተኛው ሳይመረመር «ምንም የለብህም» አልተባለም። ሁለተኛ፣ ሰዕድን የመሰለ ጀግና ታመመ መባሉ ኢማኑን አላጎደለበትም። ሕመምን ለሚያክም ሰው መንገር በአላህ ውሳኔ ማማረር አይደለም። ሰብር ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን በአላህ ላይ መጣል ነው። ሦስተኛ፣ የተላኩት ወደሚያውቅ ሰው ነው። ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን በሌላ ሐዲስ ተነግሯል። እንግዲህ የሚያውቀውስ ዕውቀቱን ሳይጠቀምበት ሲቀር አማናውን ተወጥቷል እንላለን?

ይህን ካሰብኩ በኋላ ወደ ሌላ ሐኪም ሄድኩ። ሴት ነበረች። በልጅነቴ ጉሮሮዬን እየደጋገመ ያመኝ፣ ጉልበቴም ያብጥ እንደነበር ጠየቀችኝ። ሁለቱም ነበረብኝ። በግራ ጎኔ አስተኝታ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች፤ ከዚያም ልቤን በአልትራሳውንድ እንድታይ አዘዘች። ውጤቱ ሲመጣ በግራ በኩል ካሉት የልቤ በሮች አንዱ ጠቦ ተገኘ።

ምክንያቱን እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ ሰውነት ለመከላከያ ያዘጋጀው ኃይል ዞሮ በአንዳንድ ልጆች ላይ መገጣጠሚያንና የልብን በሮች ያጠቃል። የጉልበቱ እብጠት ይድናል፤ የልቡ ጠባሳ ግን ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላም በሩን ያጠብበዋል። ሳይታወቅ ከቆየ ልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል፣ በእርግዝናና በወሊድም የእናትን ሕይወት ለአደጋ ሊጥል ይችላል። በአገራችን ይህ በሽታ በብዛት የሚገኘው በልጆችና በወጣቶች ላይ ነው። «በዚህ ዕድሜ ልብ አይታመምም» የተባልኩት በዚህ አገር ነው!

የእኔም ጥፋት አለበት። የመጀመሪያው ሐኪም ወንድ ስለነበር ደረቴን ባይነካ እመርጥ ነበር፤ ምናልባት ይህን ከፊቴ አንብቦት ይሆናል። ነገር ግን ሴት ሐኪም ባልተገኘች ጊዜ፣ አንድ ዘመድ ባለበትና በአስፈላጊው መጠን ብቻ ወንድ ሐኪም ሊመረምር እንደሚችል ዑለማዎች አስተምረዋል። የልብ ማዳመጫው ራሱ የተፈለሰፈው በሐያእ ምክንያት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1816 እ.ኤ.አ. ላኤኔክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የልብ ሕመም ምልክት በታየባት ወጣት ሴት ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ ነውር ሆነበት። ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ሐያእ መንገድ አስፈለገው እንጂ ምርመራውን አላስቀረበትም።

ጭንቀት ልብን በፍጥነት አያስመታም አልልም፤ ያስመታል። ሐኪሞቻችንም በር ላይ የተሰለፈው ሰው ብዛት እንደሚያስቸኩላቸው አውቃለሁ። ይሁንና «ጭንቀት ነው» መባል ያለበት ሌላው ተመርምሮ ሲታጣ ነው።

እህቶቼ ሆይ! ሕመሙ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ልባችሁ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ከእናንተ ጋር የሚገባ ሰው ያዙ። ካልተመረመራችሁ «ልቤን ያዳምጡልኝ» በሉ፤ ይህ ድፍረት ሳይሆን ሐቃችሁ ነው። ደረታችሁን ካፈናችሁ፣ ራሳችሁን ካሳታችሁ ወይም ተቀምጣችሁ ሳለ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዕለቱ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የልጆቻችሁን ጉሮሮ ሕመምም አትናቁ፤ እንጥል ከማስቆረጥ ይልቅ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

እኔ ዛሬ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እወጋለሁ፤ ጠባቡን በር በፊኛ ለማስፋትም ቀጠሮዬን እጠብቃለሁ። ተራዊሕን ወንበር ላይ ሆኜ እሰግዳለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። እናቴም አሁን ሰብር አድርጊ ስትለኝ፣ «መርፌሽን ወጋሽ?» ብላ ነው።

አላህ ለታመሙት ሺፋእን፣ ለሐኪሞቻችን የሚሰማ ጆሮን ይስጥልን። አሚን!