ከቁልፉ ይልቅ ስሙን እናንብብ፤ ወደ ድረ ገጽ ከመግባታችን በፊት

አንድ ድረ ገጽ አስተማማኝ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ይህን ጥያቄ ለክፍል ጓደኞቼ አቅርቤላቸው ነበር። የአብዛኞቹ መልስ «ከአድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት ካለ ችግር የለውም» የሚል ነው። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ ቁልፉን ከማየት ይልቅ ስሙን ማንበብ እንደሚበልጥ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ቁልፉ ምን ይነግረናል?

አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ ሲጀምር በእኛ ኮምፒውተርና በድረ ገጹ መካከል የሚመላለሰው መረጃ ይመሰጠራል። መሐል ላይ ገብቶ የሚያነበው የለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ የታሸገ ፖስታ ለሌባም ሊላክ ይችላል እኮ! ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት በነፃ ስለሚሰጥ፣ አጭበርባሪውም ቁልፉን በቀላሉ ያገኛል። ጉግል በ2023 በኮምፒውተር ክሮም ላይ የቁልፉን ምልክት በሌላ የተካው፣ ብዙ ሰው ምልክቱን «ገጹ ታማኝ ነው» ብሎ ስለሚረዳው ነው።

ስሙ እንዴት ይነበባል?

የድረ ገጽ አድራሻ እንደ እኛ ስም ነው። በግራ በኩል የራስ ስም፣ ወደ ቀኝ ስንሄድ የአባትና የአያት ስም ይመጣል። ባለቤቱን የምናውቀው ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት ካሉት ከመጨረሻዎቹ ሁለት ስሞች ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ዲቪን እንውሰድ። ማመልከቻው ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ የሚሞላ ሆነ፤ ትክክለኛው አድራሻም «ዲቪፕሮግራም ዶት ስቴት ዶት ጎቭ» ነው። «ዶት ጎቭ» የሚሰጠው ለአሜሪካ የመንግሥት አካላት ብቻ ነው። ታዲያ «ስቴት ዶት ጎቭ ዶት እገሌ ዶት ኮም» የሚል ቢመጣስ? ባለቤቱ «እገሌ ዶት ኮም» ነው፤ «ስቴት ዶት ጎቭ» ለልጁ ያወጣለት ስም ነው። ልጁን ንጉሥ ብሎ የሰየመ ሁሉ ደግሞ ንጉሥ አይደለም። በአገራችን «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» ወይም «ዶት ኮም ዶት ኢቲ» ሲሆን ግን ከኋላ ሦስት ስም መቁጠር አለብን።

በሰፈራችን አንዲት ልጅ እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ስሟንና ፎቶዋን ሞልታ፣ ገንዘብም ከፍላ፣ ማመልከቻዋ የትም አልደረሰም። ገንዘቡስ ይቅር፣ የዚያ ዓመት ዕድሏ አመለጣት።

ፊደልም ያታልላል

በእኛ ፊደል ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ይለያያል። እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) አንድ የደኅንነት ተመራማሪ ሩሲያኛ በሚጻፍበት በሲሪሊክ ፊደል፣ በዓይን ሲታይ ከአፕል አድራሻ የማይለይ ስም አስመዝግቦ አሳይቷል። ክሮም በዚያው ዓመት ማስተካከያ አደረገ። ቢሆንም የባንክንና የኢሜይልን አድራሻ ከመልእክት ላይ ከመጫን ይልቅ በራስ እጅ መጻፍ ይሻላል።

ከመግባታችን በፊት

1. ማውሱን ሳንጫን ሊንኩ ላይ እናሳርፈው፤ እውነተኛው አድራሻ ከታች ይታያል። በስልክ ከሆነ ሊንኩን ጫን አድርጎ መቆየት ነው።

2. አድራሻውን ኮፒ አድርገን ቫይረስቶታል ላይ እንለጥፈው፤ በብዙ የደኅንነት ድርጅቶች መዝገብ ያስፈትሽልናል። ነገር ግን «ንጹሕ» ቢለንም ገጹ ገና ያልተደረሰበት አዲስ ሊሆን ይችላል።

3. ስለዚህ በአይካን የመፈለጊያ ገጽ ስሙ የተመዘገበበትን ቀን እንይ። «አሥር ዓመት አገልግያለሁ» የሚል ዶት ኮም የተመዘገበው ባለፈው ሳምንት ከሆነ መራቅ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ለእኛ ለዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ቀላል ነው፤ ፎርም ሙሉልን ብለው ለሚመጡ ወላጆቻችንና ጎረቤቶቻችንም ስም አነባበቡን ብናሳያቸው ትልቅ እገዛ ይሆናል እላለሁ።