የፍራፍሬ ዝንብ በስንት ቀን ታድጋለች?

በአንድ የደጋ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች በባዶ የውኃ ፕላስቲኮች ያረቧቸውን የፍራፍሬ ዝንቦች እንድንመለከት ተጋብዘን ነበር። ሙከራው ከተጀመረ 11ኛው ቀን ነው። በሪፖርቶቹ ላይ ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም «ዝንቦቹ በ10ኛው ቀን ወጡ» ብለው ጽፈዋል። በፕላስቲኮቹ ውስጥ ግን አንድም አዲስ ዝንብ አልነበረም፤ አብዛኞቹ ገና እጭ ነበሩ። «አልወጡም» ብላ የጻፈችው አንዲት ተማሪ ብቻ ስትሆን ያገኘችውም ነጥብ ከሁሉም ዝቅተኛው ነበር።

10 ቀን የሚለው ቁጥር ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቁጥር ነው፤ ይህንንም ብዙ መጻሕፍት ሳይጠቅሱት ያልፋሉ። ነፍሳት እንደ እኛ የሰውነታቸውን ሙቀት ጠብቀው አይኖሩም። በውስጣቸው የሚካሄደው ኬሚካዊ ሂደት የሚፈጥነውም የሚዘገየውም ከአካባቢው አየር ጋር ነው። ዝንቢቱ በ18 ዲግሪ 19 ቀን ያህል ትፈልጋለች። ዕድገቷ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል ብለን ብንነሣ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሙቀት በቀናቱ ማባዛት ነው፤ 15 በ10 ሲባዛ 150፣ 8 በ19 ሲባዛ 152 ይሆናል። ሁለቱ ውጤቶች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በስሙ የሚጠራ ቴርሞሜትር ያለው ፈረንሳዊው ሬዎሙር እ.ኤ.አ. በ1735 የዕፅዋትን ዕድገት ያስረዳው በዚሁ የሙቀት ድምር ሐሳብ ነበር። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ዝንቢቱ ስለምትጎዳ ስሌቱ ይፈርሳል።

ቤቱን መሥራት ቀላል ነው። የበሰለ ሙዝ ተፈጭቶ ጥቂት እርሾ ይነሰነስበታል፤ እጮቹ በዋናነት የሚመገቡት እርሾውን ነውና። በፕላስቲኩ አፍ ላይ ጫፉ የተቆረጠ የወረቀት ቀፎ ይሰካል፤ ዝንቦች ይገባሉ፣ መውጫው ግን ይጠፋቸዋል። በማግሥቱ ወላጆቹን አስወጥቶ አፉን በጥጥ መድፈን ያስፈልጋል። ይህ ከተዘነጋ የቀድሞው ዝንብ ከአዲሱ ስለማይለይ ሙከራው ዋጋ ያጣል። ፕላስቲኩ ፀሐይ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ቴርሞሜትሩም ከአጠገቡ ሆኖ በቀን ሦስት ጊዜ ይነበብ። እጮቹ ምግቡን ትተው ግድግዳውን ሲወጡና ቆዳቸው ደርቆ ቡናማ ሲሆን ወደ ፑፓ ደረጃ ተሸጋግረዋል ማለት ነው። ይህን ለማየት አጉሊ መነጽር እንኳ አያስፈልግም።

ያቺ ተማሪ የክፍሉን ሙቀት በየቀኑ መዝግባ ኖሯል፤ አማካዩ 17.5 ዲግሪ ነበር። 150ን ለ7.5 ብናካፍል 20 ቀን ይመጣል። ፕላስቲኮቹ እንዳይጣሉ መምህሩን ለመንናቸው። በ20ኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልክ ደወሉልን፤ በሦስቱ ፕላስቲኮች ውስጥ ዝንቦች ወጥተዋል፣ በቀሩት ገና ነበር። የልጅቱን ነጥብም እንዳስተካከሉላት ነገሩን፤ የሌሎቹን ሪፖርት ምን እንደሚያደርጉ ግን ገና እያሰቡበት ነበር።