ለእኛም ለአቃቂም

የአቃቂ ቃሊቲ ሰው የአዲስ አበባን ውሃ አመል ከማንም በላይ ያውቃል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች ከላይ ከተራራው ንጹሕ ሆነው ይነሳሉ። ከተማዋን አቋርጠው እኛ ጋ ሲደርሱ ግን የየሰፈሩን እጣቢ፣ የፋብሪካውን ፍሳሽና የተጣለውን ፌስታል ሁሉ ተሸክመዋል። ማረፊያቸው አባ ሳሙኤል ነው። በአገራችን ከቀደሙት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ይህ ሐይቅ ዛሬ እምቦጭ አስቸግሮታል፤ እምቦጩን የሚያፋፋው ደግሞ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ነው።

ይህን እያዩ ተስፋ መቁረጥ ይቀላል። እኔን ግን አንድ ነገር ያበረታኛል፤ ወንዙንና አየሩን የሚጎዳው ልማድ አብዛኛውን ጊዜ እኛኑ የሚያሳምመን ነው። ስለዚህ ለጤናችን ብለን አንዱን ስናስተካክል ሌላውም አብሮ ይስተካከላል።

ከእግራችን እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለአምስት የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ይደርሳል። ጠዋት 15 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ወደ ባቡር ጣቢያ ከሄዳችሁ፣ ማታም በእግር ከተመለሳችሁ የዕለቱ ድርሻ ሞላ ማለት ነው፤ ለዚህ የሚከፈል የጂም ወርኃዊ ክፍያ የለም። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃሊቲን ከምኒልክ አደባባይ የሚያገናኘው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ኤሌክትሪካችንም በአብዛኛው ከውሃ የሚገኝ በመሆኑ የጉዟችሁ ጭስ እጅግ ያንሳል። ሰልፉና ግፊያው እንደሚያሰለች አውቃለሁ። ባቡሩ ካልተመቻችሁ ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብላችሁ ውረዱና ቀሪውን በእግር ጨርሱት።

አንድ ነገር ግን አደራ! ዋናውን የደብረ ዘይት መንገድ ይዛችሁ አትጓዙ። የከባድ መኪናው ጭስ ለሳንባ ጠላት ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ሂዱ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው ከመኪና ነፃ ቀን ያሳየንም ይህንኑ ነው፤ መኪና ዞር ሲል ሕፃኑም አዛውንቱም ደስ ብሎት አስፋልት ላይ ይወጣል።

ወደ ማዕድ ቤት ስንገባ ጉዳዩ ይከብዳል። በአቃቂ ውሃ የሚለማ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በየገበያው ይሸጣል። አጥኚዎች በእነዚህ ቅጠሎች ላይ እንደ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ተክሉ በሥሩ የሳበውን ብረት ግን ማጠብም መቀቀልም አያወጣውም። ገበሬው ላይ አልፈርድም፤ የሚያጠጣው የላክንለትን ውሃ ነው። የእኛ ድርሻ የምንልከውን መቀነስ ነው፤ ያለቀ ባትሪ፣ የተቃጠለ ዘይትና የተረፈ ቀለም ቦይ ውስጥ አለመጣል። ዛሬ የሚጣለው ነገ በሰሐን ይመለሳል፤ ሳይጣል የቀረውም እንዲሁ ጤና ሆኖ ይመለሳል።

ከዚያ በላይ ማድረግ የሚፈልግ ደግሞ የራሱን ጎመን ይትከል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብትኖሩም ችግር የለውም። የምግብ ዘይት የነበረበትን ቢጫ ጀሪካን ጎኑን ቆርጣችሁ፣ ታቹን ብሳችሁ፣ ጥሩ አፈር ሙሉበትና በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። የቀለም ባልዲ ግን አትጠቀሙ። የሐበሻ ጎመን ለጋስ ተክል ነው፤ የታች የታቹን ቅጠል እየቀነጠባችሁ ስትበሉ ከላይ እያቆጠቆጠ ለወራት ይመግባችኋል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጩም በስብሶ አፈር ይሆንለታል፤ ከቤታችሁ የሚወጣው ቆሻሻ ሲቀንስ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ወጡን በኤሌክትሪክ ምድጃ መሥራት የምትችሉ ከሰሉን ለቡና ብቻ አስቀሩት። ከሰል በባህላዊ መንገድ ሲከሰል አብዛኛው እንጨት በከንቱ ይባክናል፤ ቤት ዘግተን ስናነደው ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ቡናው ይቅር የሚል ከእኔ አትሰሙም፤ በርና መስኮቱ ይከፈት ብቻ።

ስለ ሽሮም አንድ ነገር ልበል። የእኛ አካባቢ ዋልካ አፈር ለሽሮ የሚሆነውን ሽንብራ ይወዳል። ክረምቱ ሲወጣ ይዘራና መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል፤ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈር ስለሚመልስ ማዳበሪያም ይቆጥባል። ለሰውነታችን ፕሮቲንና አሰር ይሰጣል። ሽሮ የሚበላ ሰው እንግዳ ቢመጣበት «ይቅርታ ሽሮ ነው» አይበል፤ ኮራ ብሎ ያቅርብ!

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጀመር አትሞክሩ። አንዱን ምረጡና ከለመዳችሁት ነገር ጋር አያይዙት፤ እንዲህ ሲሆን መርሳት ይከብዳል። ለምሳሌ ቡና ባፈላችሁ ቁጥር ጎመኑን ውሃ አጠጡት፤ ጥቂት የቡና አተላም ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉለት። የገበያ ዘንቢሉንም በሩ እጀታ ላይ ስቀሉት፤ ስትወጡ እጃችሁ ይይዘዋል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታል የተከለከለ ስለሆነ ለዘንቢሉ ጊዜው አሁን ነው። ጎመኑ ሲያምር ደግሞ ጎረቤት ቆሞ አይቶ ችግኝ መጠየቁ አይቀርም፤ ከወዲሁ ሁለት ሦስት አፍሉለት።