ጸጥ ያለች መንደር

መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ደጋ አገር ነው። ብርዱ ይበረታል። ገበሬው ገብስና ባቄላ ይዘራል፤ በግ ያረባል። ሴቶች የበጉን ጠጉር ይፈትላሉ፤ ወንዶች ባና ይሠራሉ።

ከከተማ የመጣ እንግዳ በዚያ ካሉት ትንንሽ መንደሮች አንዷን ቢያይ፣ «እንዴት ጸጥ ያለች ናት! ሰዉ ሥራ የለውም እንዴ?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ገና ሳይነጋ እናት ተነስታለች። እሳት አንድዳ፣ ውኃ ቀድታ፣ ገብስ ቆልታለች። አባት በሬዎቹን ይዞ ወርዷል። ልጆች በጎቹን አሰማርተዋል። መንደሯ ጸጥ ያለችው ሰዉ ስለ ተኛ ሳይሆን በየሥራው ስለ ተሰማራ ነው።

ታዲያ ጸጥታ ሁሉ አንድ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በወሎና በትግራይ ብዙ መንደሮች ጸጥ ብለው ነበር። ሰዉ እህል ፍለጋ ቀዬውን ጥሎ ስለ ተሰደደ ነው። የተበደለ ሰው ፈርቶ ዝም ሲልም መንደር ጸጥ ይላል። ይህም ሰላም አይደለም። ውሎ አድሮ ቂም ይሆናል፤ ቂም ደግሞ ደም ያፋስሳል።

ደጉ ጸጥታ ከስምምነት የሚመጣ ነው። አጨዳ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። ሰው ሲሞት እድር ይደርሳል። ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ ይቀመጣል። በመንዝ ጓሳ የሚባል ሣር አለ። ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። የአገሩ ሰው ይህን ሣር ለብዙ ዘመን የጠበቀው በአጥር ሳይሆን በስምምነት ነበር። ቦታው ለጥቂት ዓመታት ይዘጋ ነበር። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይታጨድ ነበር። ደንቡን የጣሰ ይቀጣ ነበር።

ስምምነት የሚቆመው በቃል ነው። ቃል ግን ይረሳል። አንዱ ጎረቤት ለሌላው ለዘር የሚሆን ገብስ አበደረ እንበል። አዝመራው ሲገባ፣ «ወንድሜ፣ የሰጠሁህ 3 ቁና ነው» ይላል። «ኧረ እኔ የማስታውሰው 2 ነው» ይላል ሌላው። ምስክሩ ደግሞ ሞቷል። ሁለቱም ውሸታም ላይሆኑ ይችላሉ። ሆኖም በ1 ቁና ገብስ ሁለት ቤት ተኳረፈ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ገበሬ የሚፈርመው በጣቱ ነበር። ሌላው የጻፈለትን ማንበብ አይችልም ነበር። እናንተ ግን ይህን ገጽ እያነበባችሁ ነው። እንግዲያው ስትበዳደሩ እነዚህን ጻፉ፦

1. ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን፣
2. የሰጪውንና የተቀባዩን ስም፣
3. ምን እንደ ሆነና ስንት እንደ ሆነ፣
4. የሚመለስበትን ጊዜ፣
5. የምስክሮቹን ስም።

ከመፈረም በፊት ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ቢኖር ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡለት። በማያውቀው ነገር ላይ አታስፈርሙት። አንዱን ወረቀት ሰጪው፣ አንዱን ተቀባዩ ያስቀምጥ።

የእድር መዋጮም፣ የመስኖ ውኃ ተራም እንዲሁ ይጻፍ። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ።

ጥያቄዎች

1. ጥሩ ያልሆነ ጸጥታ የትኛው ነው?
2. የጓሳ ሣር በምን ይጠበቅ ነበር?
3. በመንደራችሁ በቃል ብቻ የቀረ ስምምነት አለ? በደብተራችሁ ጻፉት።